እርማት፦ የተላ የዶሮ ቁስል በላምባ አይታከምም

ወንድሜ፣ «በተላ የዶሮ ቁስል ላይ ላምባ ማፍሰስ ይበቃል» ያሉት፣ በእኛ በጎጃም በብዙ ቤት ቢሠራበትም፣ ስሕተት ነው። ላምባ የቆሰለውን ሥጋ ያቃጥላል፣ በቆዳዋም ዘልቆ ዶሮዋን ይመርዛል፤ የሞተውም ትል እዚያው ይበሰብሳል። ይልቁንስ ፈልቶ ለብ ባለ 1 ሊትር ውኃ 9 ግራም ያህል ጨው፣ ማለትም 2 የሻይ ማንኪያ የማይሞላ፣ በጥብጠው ቁስሉን ደጋግመው ይጠቡ፤ ትሉንም በወረንጦ አንድ በአንድ ይልቀሙ። ከጅራቷ ሥር ኩስ ያጣበቀውን ላባ ቆርጠው ሲያዩ ነጭ ጤፍ የመሰለ ነገር ካገኙ የዝንብ እንቁላል ነው፤ በሙቀት ከ24 ሰዓት ባነሰ ጊዜ ስለሚፈለፈል ሳይውል ሳያድር ያንሡት፣ በማግስቱም ደግመው ይፈትሹ። ደም ያዩ ዶሮዎች ስለሚነቁሯት፣ እባክዎ፣ እስክትድን ዝንብ በማይደርስበት ቦታ ለብቻዋ ያቆዩአት።