ልጅ ማስመዝገብ ነው ወይስ ቪዛ መጠየቅ?

ወገን፣ ዛሬ ትንሽ ልተንፍስ። ካላወጣሁት ያንቀኛል።

ከሜሪላንድ ጠቅልለን አዲስ አበባ ልንገባ ስንል ሰው ሁሉ ያስፈራራን በሌላ ነገር ነበር። መብራት ይጠፋል፣ ውሃ በፈረቃ ነው፣ የቤት ኪራይ አይቀመስም። እሺ ብለን፣ ለሁሉም ተዘጋጅተን መጣን። የ6 እና የ4 ዓመት ልጆችን ትምህርት ቤት ማስገባት እንዲህ ፀጉር ያስነጫል ብሎ ያስጠነቀቀን ግን አንድም ሰው የለም።

ከስልኩ ልጀምር። ገና እዚያው ሲልቨር ስፕሪንግ እያለን፣ በ7 ሰዓት ልዩነት ሌሊት እየተነሳን እንደውል ነበር። ስልኩ ከተነሳ እሰየው ነው። «ክፍያው ስንት ነው?» «በአካል መጥተው ይጠይቁ።» «አንድ ክፍል ውስጥ ስንት ልጅ አለ?» «በአካል መጥተው ይጎብኙ።» «ኧረ እኔ ያለሁት አሜሪካ ነው!» «እንግዲያውስ ዘመድ ይላኩ።» ጆሮዬ ላይ ጠረቀሙት። ቴሌግራም ቻናላቸውን ብትከፍቱ ጋውን ለብሰው፣ ቆብ ደፍተው የተመረቁ ሕፃናት በሽ ናቸው። ከኬጂ ነው የተመረቁት፤ ከሕክምና ፋኩልቲ አይደለም። የጋውን ፎቶ እንደ ጉድ ይለጠፋል፣ የክፍያ ዝርዝር ግን የመንግሥት ምስጢር ነው።

ወንድሜን ላክነው። ምስኪን ከሥራ እያስፈቀደ ገርጂ፣ ሰሚት፣ ሲኤምሲ ዞረልን። የነገሩትን ዋጋ በወረቀት ጽፎ፣ ፎቶ አንስቶ ላከልን። ሐምሌ ላይ እኛው ራሳችን ስንሄድ ዋጋው ሌላ ሆኖ ጠበቀን። «ከውጭ ነው የመጣችሁት?» ትባላላችሁ መጀመሪያ። ፈገግታው ይሰፋል። ከዚያ የመመዝገቢያ፣ የመጽሐፍ፣ የዩኒፎርም (ከእነሱ ብቻ የሚገዛ)፣ የሰርቪስ፣ ደግሞ «ለልማት» የሚባል ነገር ይደረደራል። ምኑ እንደሚለማ ግቢውን ዞሬ ባይ አልገባኝም። የመኖሪያ ቪላ ነው፤ ሳሎኑ ሁለት ክፍል ሆኗል፣ ልጆቹ የሚሯሯጡበት ደግሞ ለሁለት መኪና ማቆሚያ የተሠራው ሴራሚክ ነው። በሩ ላይ «ኢንተርናሽናል» ይላል። ሽንት ቤቱን አሳዩኝ ስል የተያዩት ነገር እስካሁን ይገርመኛል። ወላጅ ሽንት ቤት አይጠይቅም መሰለኝ።

ከዚያ መልቀቂያ መጣ። ትልቁ ልጄ የጨረሰው ኪንደርጋርተን ነው። እዚያ ያለው ትምህርት ቤት ደግ ሆኖ ደብዳቤና ሪፖርቱን በኢሜይል ልኮልናል። አትሜ ይዤ ቀረብኩ። መዝጋቢዋ ገልበጥ አድርጋ ጀርባውን አየች። ፊቱን አየች። መስኮቱ ላይ ወደ ብርሃን ከፍ አድርጋም አየችው። «ማህተም የለውም።»

«እዚያ ማህተም አይመቱም፣ እህቴ።»

«ያለ ማህተምማ ማን ያምነናል? ቢያንስ ክብ ማህተም።»

ልጁ 6 ዓመቱ ነው። የተማረው እስከ 100 መቁጠርና ተሰልፎ መሄድ ነው። ማን ነው ይህን አስመስሎ የሚሠራው?

ዕድሜውም ሌላ ጣጣ ነው። ሜሪላንድ ልጅ እስከ ሴፕቴምበር 1 ድረስ 5 ዓመት ከሞላው ኪንደርጋርተን ይገባል፣ በ6 ዓመቱ አንደኛ ክፍል ነው። እዚህ በፖሊሲው አንደኛ ክፍል የሚገባው በ7 ነው። አንዱ ትምህርት ቤት «ኬጂን ይድገም» አለን፣ ሌላው «ችግር የለም፣ እንፈትነዋለን» አለ፣ ሦስተኛው «ቦታ ሞልቷል፣ ምዝገባው ሰኔ ላይ አልቋል፤ ግን እስቲ ስልክ ተዉልን» ብሎ በማግስቱ ደወለ። እንዴት ነው አንድ ከተማ ውስጥ አንድ ልጅ በአንድ ሳምንት ሦስት ዓይነት የሚሆነው?

ይሄ ሁሉ ይቅር። የሚያንገበግበኝ ሌላ ነው።

እኛ እነዚህን ልጆች ነቅለን ያመጣናቸው አማርኛ እንዲያውቁ ነው። ከአያታቸው ጋር ያለ አስተርጓሚ እንዲያወሩ። እንግሊዝኛማ ተርፏቸዋል፣ ሕልማቸውም በእንግሊዝኛ ነው። ይህንን ለአንዷ ርዕሰ መምህርት በደንብ አስረዳሁ። በጥሞና ሰማችኝና ልታጽናናኝ ሞከረች። «አይስጉ፣ እኛ ግቢ ውስጥ አማርኛ ፈጽሞ አናስወራም።» በኩራት ነው የምትለው! ቀጥላም ልጄን ፀጉሩን ዳበስ አድርጋ «ሃው ኦልድ አር ዩ?» አለችው። እሱም እንደለመደው መለሰላት። ፊቷ በራ። ወደ እኔ ዞራ «ውይ ደስ ሲል! ሌሎቹ ልጆች አክሰንት ይለምዱበታል» አለች። በሉ እንግዲህ፣ ልጄ አስተማሪ ሆኖ ተቀጠረ፣ ከፋዩ ግን እኔ ነኝ።

ደግሞ ሥርዓተ ትምህርቱን ብታዩት ተቃራኒ ነው። በአዲሱ ሥርዓት አዲስ አበባ ውስጥ ከ1ኛ እስከ 6ኛ ክፍል በአማርኛ ነው የሚማሩት። ሒሳቡም፣ አካባቢ ሳይንሱም፣ ግብረ ገቡም። እንግሊዝኛ የማስተማሪያ ቋንቋ የሚሆነው ከ7ኛ ጀምሮ ነው። አፋን ኦሮሞም እንደ አንድ ትምህርት ይሰጣል፣ እሰየው። ታዲያ ልጄ ክፍል ውስጥ በአማርኛ ይፈተናል፣ ግቢ ውስጥ አማርኛ ካወራ ይቀጣል። የት ይልመደው? «ፊደል ገና ነው፣ ምን ታግዙታላችሁ?» ብዬ ስጠይቅ መልሱ ሁሉም ጋ አንድ ነው፦ «አስጠኚ ይቅጠሩለት።» ለአንደኛ ክፍል አስጠኚ! ትምህርት ቤቱ ምን ሊሠራ ነው ታዲያ?

ወላጆችንም አልምርም። ትምህርት ቤቱ እንግሊዝኛ የሚሸጠው ገዢ ስላለ ነው። «ልጄ አማርኛ አይችልም እኮ» ብሎ በፈገግታ የሚናገር አባት እዚሁ፣ ቦሌ ተወልዶ ያደገ፣ አይቻለሁ። ፍርሃቱ ይገባኛል። የ12ኛ ክፍል ፈተና በ2014 ዓ.ም. ግማሹን ያመጣው ከ100 ተፈታኝ 3 ነው፣ በ2015ም እንደዚያው። ያንን የሰማ ወላጅ ቢደነግጥ አይፈረድበትም። ግን የ4 ዓመት ሕፃን «አፕል» ስላለ 12ኛ ክፍልን አያልፍም። ጭራሽ ገና በኬጂ የቤት ሥራ በደብተር ይጫንበታል፣ በሰሚስተሩ መጨረሻ ደግሞ ደረጃ ይወጣለታል። ዘመድ ሁሉ «ስንተኛ ወጣህ?» ይለዋል። ልጄ ጥያቄው አልገባውም፣ «ከየት?» አለ። እውነቱን ነው።

«ታዲያ ለምን ዓለም አቀፎቹ ጋ አትወስዳቸውም?» የሚለኝ አይጠፋም። ዓለም አቀፍ ስል እውነተኞቹን ነው፣ ስሙን የለጠፉትን አይደለም። ክፍያቸው በዶላር የሚሰላውን። ሐምሌ 2016 ብር በገበያ እንዲወሰን ሲለቀቅ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100ን አልፎ ሄደ። የእኛ ደመወዝ ከእንግዲህ በብር ነው። ደግሞ ከሜሪላንድ ድረስ የመጣነው አማርኛን በሳምንት ጥቂት ክፍለ ጊዜ ለማስተማርማ ከሆነ፣ እሱንማ እዚያው በቤተ ክርስቲያን የእሑድ ትምህርት እናገኘው ነበር።

የመንግሥት ትምህርት ቤት ያልኩ ጊዜ ደግሞ ቤተሰብ በሙሉ አኮረፈ። እናቴ «ሰው ምን ይላል? ከአሜሪካ መጥቶ!» አለች። እሷ ሁላችንንም ያስተማረችን መንግሥት ቤት ነው! አሁን ከተማው ቁርስና ምሳም ይመግባል፣ ዩኒፎርምም ይሰጣል። ሰፈራችን ያለውን ሄጄ አየሁት። ሜዳው ሰፊ ነው፣ ዛፍ አለው፣ ልጆቹ በአማርኛ ይጯጯሃሉ። ክፍሉ ግን ጢም ብሏል፣ አንዱ ዴስክ ላይ ተጣብበው ነው የሚቀመጡት። መምህሯ በግልጽ «የእርስዎ ልጅ ፊደል ካልቆጠረ እኔ ለብቻው የማየው ጊዜ የለኝም» አለችኝ። ቢያንስ እሷ እውነቱን ነገረችኝ። ከዞርኩባቸው ሁሉ ያከበርኳት እሷን ነው።

እና መስከረም እየደረሰ ነው፣ እኛ ገና እየዞርን ነው። ባለቤቴ አንዱን ልትቀበል ደርሳለች፣ እኔ ገና አልተዋጠልኝም። ከገርጂ እስከ ሲኤምሲ ባለው መስመር ክፍያውን ጽፎ የለጠፈ፣ ልጅ የሚሮጥበት አፈር ያለው፣ ፊደል ለጀማሪ በወጉ የሚያስቆጥር፣ አማርኛ ሲወራ የማይደነግጥ ትምህርት ቤት የምታውቁ በኢንቦክስ ጻፉልኝ። «የእኔ ልጅ ሁለተኛ ወጥታለች» የምትሉትን እንኳን ደስ አላችሁ፣ ግን አደራ እሱን ተዉልኝ። ሰርቪሱ ጠዋት ስንት ሰዓት እንደሚመጣም አብራችሁ ንገሩኝ። የአንዱ 12 ሰዓት ሳይሞላ በር ላይ ጥሩምባ ይነፋል አሉ፣ ትንሿ ደግሞ ያን ሰዓት ማን ይቀሰቅሳታል።