ፊልም አፉን ሳይፈታ

ቅዳሜ ማታ ለንደን ውስጥ፣ ከጎረቤቴ ከአንዲት እንግሊዛዊት አዛውንት ጋር አንድ አሮጌ ኮሜዲ ፊልም አየን። በ1929 እ.ኤ.አ. የወጣ ነው፤ ርዕሱ በእኛ «ማን ያምናል!» እንደማለት ነው። ዋልተር ፎርድ አዘጋጅቶ ራሱ ይተውንበታል፤ በሬዲዮ የሚታዘዝ ታንክ የሚፈለስፍ የመጫወቻ ሻጭ ነው፣ ሰላዮች ይከታተሉታል። ሲሠራ ድምፅ አልባ ነበር።

ፊልሙ ድንቅ ነው አልልም። የገረመኝ ከሴትዮዋ ጋር እኩል መሳቄ ነው። በዚህ አገር ቴሌቪዥን ሰው ስቆ ሲጨርስ ነው ቀልዱ የሚገባኝ። ያን ማታ ግን ሻይዋ ሶፋዬ ላይ እስኪፈስ ስትስቅ እኔም አብሬያት ነበርኩ።

በዚያው ዓመት የፊልም አዘጋጁ አልፍሬድ ሂችኮክ «ብላክሜይል» የተባለውን ፊልም ሲሠራ፣ ፊልምን በድምፅ መቅረጽ ደረሰበት። መሪ ተዋናይቷ አኒ ኦንድራ ቼክ ናት፤ ድምፅ በሌለበት ፊልም የእንግሊዝ ልጃገረድ ሆና ብትታይ ማንም አልጠየቃትም። ፊልም አፉን ሲፈታ ግን አነጋገሯ ችግር ሆነ። ድምፅን ኋላ መለጠፍ ገና ስላልተቻለ፣ ጆአን ባሪ የምትባል እንግሊዛዊት ከካሜራው እይታ ውጪ ቆማ ስትናገር ኦንድራ ከንፈሯን ታንቀሳቅስ ነበር።

እኔም ጆአን ባሪ አለችኝ። መሥሪያ ቤት ስልክ ሳነሳ «ሌላ ሰው የለም?» እባላለሁ። ለባልደረባዬ አቀብላታለሁ፤ እኔ ያልኩትን ቃል በቃል ትደግመዋለች፣ ደንበኛውም አመስግኖ ይዘጋል።

ፈረንጅን ብቻ እንዳልወቅስ አገሬ ትዝ ትለኛለች። መርካቶ፣ ራስ ሲኒማ፣ አንዲት የሕንድኛ ቃል ሳላውቅ በሕንድ ፊልም እንባዬን አፍስሻለሁ። ያንኑ ሰሞን ግን ከገጠር የመጣ ዘበኛችን አማርኛ ሲናገር እየደገምን ስንስቅበት፣ እሱ ፊቱን ወደ በሩ ያዞር ነበር።

ባለፈው ክረምት አዲስ አበባ ታክሲ ውስጥ «ወራጅ አለ» ስል ረዳቱ ዞር ብሎ አየኝ። «ጋሼ፣ አማርኛ የት ነው የተማሩት?»

ቀበና ተወልጄ ቀበና ነው ያደግሁት። ሒሳቤን ከፍዬ፣ ምንም ሳልናገር ወረድኩ።