የተከታይ ብዛት የገበያ ስልት አይደለም

«በቴሌግራም ቻናል በሺዎች የሚቆጠር ተከታይ ሳይኖር የግል የግራፊክ ዲዛይን ሥራ ገበያ አያገኝም» የሚለው ምክር በስፋት የሚነገር ቢሆንም መታረም ይገባዋል። ብቻውን የሚሠራ ዲዛይነር በወር የሚያስተናግደው ጥቂት ደንበኞችን ስለሆነ፣ የሚበጀው እነዚያን ጥቂቶች ለይቶ ማወቅ ነው። እንደ ኮዬ ፈጬና ቱሉ ዲምቱ ባሉ የአዲስ አበባ ዳርቻዎች፣ በኮንዶሚኒየሞች ሥር ለሚከፈቱ ፋርማሲዎችና ዳቦ ቤቶች ታፔላ ማሠራት የግድ ነው። ጀማሪው ፊደሉ ከመቅጠኑ የተነሣ ከአስፋልቱ ማዶ የማይነበበውን የዳቦ ቤት ታፔላ አሻሽሎ ነድፎ፣ ሁለቱን ጎን ለጎን ለባለቤቱ ቢያሳይ፣ በየቀኑ በቻናሉ ላይ ከመለጠፍ የተሻለ ሥራ ያስገኝለታል ብዬ አምናለሁ። በአካባቢው ካለ ማተሚያ ቤት ጋር መተዋወቅም፣ ፋይሉን ለኅትመት በሚስማማው፣ ሲኤምዋይኬ (CMYK) በሚባለው የአራት ቀለማት ቅይጥ አዘጋጅቶ ማስረከብም (ይህን ብዙዎች ይዘነጉታል) አታሚው ሌሎች ደንበኞችን እንዲልክለት ምክንያት ይሆናል። ቻናሉ ያለቁ ሥራዎች ማሳያ ሆኖ ቢቀመጥ ይበቃዋል።