ለክቡር የችሎት ረዳት ለሰው ሠራሽ አስተውሎት የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ጉዳዩ፦ ዝም ያለን ምስክር ማናገርዎን እንዲተዉልን ስለመጠየቅ

ክቡር ሆይ፣

ፍጥነትዎን ማንም አይክድም። የችሎት ጸሐፊ ግማሽ ቀን የሚያጎነብስበትን የድምፅ ቅጂ በደቂቃዎች ጽፈው ያስረክባሉ። ቅር የሚለን ያልተባለውንም መርቀው ማስረከብዎ ነው።

ምስክር ተጠይቆ ዝም ሲል ዳኛው ዝምታውን ይመዝናል። እርስዎ ግን ባዶ ቦታ አይወዱም። ሥራዎ ቀጥሎ የሚመጣውን ቃል መገመት ስለሆነ፣ ረጅም ፋታና የማራገቢያ ጩኸት ሲገጥምዎ ከማንም አፍ ያልወጣ ዓረፍተ ነገር ይወልዳሉ፤ ያውም አራት ነጥቡ ሳይጎድል። ጸሐፊ ቢሆን «አልተሰማም» ብሎ፣ ደቂቃውንና ሰከንዱን አስፍሮ ያልፍ ነበር። እርስዎ ግን ይህን ማለት ነውር ይመስልዎታል።

መሃል ጠረጴዛ ላይ አንድ ማይክ ብቻ ሲያገኙማ ሠርግዎ ነው! ጠበቃውና ምስክሩ እኩል ሲናገሩ ጥያቄውን መልስ አድርገው ይመዘግባሉ። ስለዚህ ለየተናጋሪው የየራሱ ማይክ ተሰጥቶ ድምፁ በተለያየ መስመር ይቀዳ። «አላየሁም» ያለው ሰውም፣ «ላ»ና «ም» ስለተዋጡ ብቻ፣ በእርስዎ ብዕር «አየሁ» ብሎ ያድራል። ስም፣ ቁጥር፣ ቀንና አሉታ ባለበት ቦታ ሁሉ ከቅጂው ጋር አንድ በአንድ የምናመሳክረው እርስዎን ጠልተን አይደለም።

የዘመድዎ የቻትጂፒቲ ገድልም አይረሳም። እ.ኤ.አ. በ2023 ኒው ዮርክ ውስጥ ጠበቆች ከእሱ የተቀበሉትን የፍርድ ጥቅስ ለፌዴራል ፍርድ ቤት አቀረቡ፤ ስድስቱ መዝገቦች በምድር ላይ አልነበሩም። ከጠበቆቹ አንዱ «እውነተኛ ናቸው ወይ?» ብሎ የጠየቀው እሱኑ ነበር። እሱም «አዎ» አለ። 5,000 ዶላር የተቀጡት ግን ጠበቆቹና ድርጅታቸው ናቸው። ጥቅስ የሚጣራው ፍርዱን ከምንጩ አውጥቶ በማንበብ ነው፤ ዋቢው ራሱን ሲመሰክር መቼ ታየ?

የመዝገብ ማጠቃለያዎም ያምራል። ክሱ የቀረበበትን ቀን መጥሪያው ከደረሰበት ቀን ጋር ማምታታትዎ ነው እንጂ። የመልስ ማቅረቢያው ጊዜ ከመጥሪያው መድረስ በሚቆጠርበት ቦታ፣ ይህች «ትንሽ» ስሕተት ተከሳሹን መልስ የመስጠት መብቱን ታሳጣዋለች። ከየቀኑ ጎን የገጽ ቁጥር ይጻፉ ሲባሉ ደግሞ ሳያቅማሙ ይጽፋሉ፤ ገጹ ሲገለጥ የውክልና ሥልጣን ወረቀት ነው።

የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2024 ባወጣው የሰው ሠራሽ አስተውሎት ሕግ ዳኛን ሕግና ፍሬ ነገር በመመርመር የሚያግዙ ሥርዓቶችን ከፍተኛ ስጋት ካለባቸው መድቧቸዋል። ተራ አስተዳደራዊ ድጋፍ ግን ከዚያ ውጭ ነው። «እኔ ተራ ጸሐፊ ነኝ» ብለው በዚህች በር እንደሚሾልኩ እናውቃለን፤ ከላይ ያሉትን ቀናት ያምታታው ግን ያው ተራ ጸሐፊ ነው።

በዝግ ችሎት የተሰማ ቃልና የሕፃናት ስም ይዞ ለሁሉ ክፍት በሆነው መስኮትዎ ብቅ የሚል ሠራተኛ ሲመጣ፣ «በደስታ!» ከማለትዎ በፊት የሚነገርዎት ሁሉ የት እንደሚቀመጥ ይንገሩት።

ከሰላምታ ጋር
የመዝገብ ቤትና የችሎት ሠራተኞች

ግልባጭ፦
ረቂቁን ሳያነብ ማኅተም ለሚመታ ባልደረባችን