አዲስ ቤት ላይ የደላላ ኮሚሽን የሚጠፋው ገና በመጀመሪያው ጉብኝት ነው

በባሕር ዳር፣ በደብረ ማርቆስ ወይም በፍኖተ ሰላም አዲስ ሰፈር ውስጥ ያለፈ ሰው ገና ባልተለሰነ የብሎኬት ግድግዳ ላይ በቀለም የተጻፈ ስልክ ቁጥር ማየቱ አይቀርም። «ይህ ቤት ይሸጣል» ይላል። ከሥሩ ደግሞ «ደላላ አይፈለግም»። ያን መስመር ያስጻፈው ባለቤት ሥጋቱ ሁለት ነው። ሳላውቅ ዋጋው ላይ ይጫንብኛል ብሎ ይፈራል፤ ቤቱን ራሴ ከሸጥኩት በኋላ «ገዢውን ያመጣሁት እኔ ነኝ» የሚል ሰው ይነሣብኛል ብሎም ይፈራል። ደላላውም በበኩሉ ይሠጋል። ገዢ ይዞ ሳምንት ሙሉ ፀሐይ ላይ ሲዞር ይከርምና ገዢው ማታ ብቻውን ተመልሶ ግድግዳው ላይ ወዳለው ቁጥር ይደውላል።

ሁለቱም ሥጋት እውነት ነው። የተበላሸው መድኃኒቱ ነው፤ ደላላው ይደብቃል፣ ገዢና ሻጭ ደግሞ ከደላላው ይደበቃሉ። በእኔ እምነት አዲስ ቤት ላይ የደላላን ድካም የሚጠብቀው ገዢው ሳይቱን ከመርገጡ በፊት የሚፈረም አንድ ገጽ ወረቀት ነው። ከጉብኝቱ በኋላ የሚነሣ ክርክር ሽማግሌ ፊት ይሁን ፍርድ ቤት ብዙውን ጊዜ ለደላላው አይሆንም።

ለምን አዲስ ቤት ላይ ይብሳል? አሮጌ ቤት ሲሸጥ በሩ አንድ ነው፤ ባለቤቱ ሳይፈቅድ ማንም ሳሎን አይገባም። ሳይት ላይ ግን ዘበኛ አለ፣ ፎርማን አለ፣ አሸዋ የሚያራግፍ ሾፌር አለ፤ ሁሉም የባለቤቱን ስልክ ያውቃሉ። አፓርታማ የሚሠራ ድርጅት ከሆነ የራሱ የሽያጭ ቢሮ፣ የራሱ ደመወዝተኛ ሻጮችና የቴሌግራም ቻናል አለው። ከሁሉ የሚከፋው የማኅበር ቤት ነው። በአንድ ፕላን ተሠርተው በአንድ መስመር የተደረደሩ ቤቶች ናቸው። ደላላው 12 ቁጥርን ያሳያል፣ ገዢው 17 ቁጥርን ይገዛል። «አንተ ያሳየኸኝን ቤት አልገዛሁም» ሲልም አልዋሸም። ስለዚህ ወረቀቱ ላይ የቤት ቁጥር ብቻ የጻፈ ደላላ ራሱን አጋልጧል። መጻፍ ያለበት የማኅበሩ ወይም የሳይቱ ሙሉ ስም ነው፤ «በዚህ ሳይት ውስጥ ያለ ማንኛውም ቤት» የሚል ሐረግ ታክሎበት።

ሕጉ ደላላን አልዘነጋውም። ከ1952 ዓ.ም. የንግድ ሕግ ጀምሮ ድለላ የታወቀ የንግድ ሥራ ነው፤ ደላላ ማለት ራሱን ችሎ፣ ሙያዬ ብሎ፣ ለጥቅም ተዋዋዮችን ፈልጎ የሚያገናኝ ሰው ነው። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 1719 ደግሞ ሕግ የተለየ ፎርም ካላዘዘ በቀር ውል በስምምነት ብቻ ይጸናል ይላል። ስለዚህ ቡና ላይ በቃል የተደረገ የድለላ ስምምነትም ውል ነው። የሚጎድለው ማስረጃ ነው። ዳኛውም ሽማግሌውም የሚጠይቁት «እነዚህን ሰዎች ማን አገናኛቸው?» ብለው ነው። ለዚህ ጥያቄ የደላላው መልስ «እኔ ነኝ፣ ዘበኛው ያውቃል» ከሆነ፣ ዘበኛው የሚበላው የባለቤቱን እንጀራ መሆኑን አለመርሳት ነው። በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል የሚባለው እንዲህ ባለው ቀን ነው።

ከገዢው ጋር የሚደረገው ወረቀት ረጅም መሆን የለበትም። ስም እስከ አያት፣ የመታወቂያ ቁጥር፣ ስልክ፣ የሚታዩት ሳይቶች፣ የክፍያው መጠን፣ የሚከፈልበት ቀን፣ ውሉ የሚያበቃበት ቀን፣ የሁለቱ ወገን ፊርማ። ምስክር ሕጉ ባያስገድድም ሁለት ሰው ማስፈረም ይጠቅማል። አንድ ነጥብ ላይ ግን ቆም ብሎ ማሰብ ያስፈልጋል፤ ገዢው ማነው? ጎጃም ውስጥ ቤት ብዙ ጊዜ የሚገዛው ባየው ሰው ስም አይደለም። ገንዘቡ ያለው ልጅ ውጭ አገር ወይም አዲስ አበባ ነው። ቤቱን የሚያየው አባት ወይም አጎት ነው። ውክልና ይዞ የሚፈርመው ወንድም ነው። ካርታው የሚወጣው ደግሞ በሚስት ስም ሊሆን ይችላል። ደላላው አጎትየውን ብቻ አስፈርሞ ከሆነ ውሉ ላይ የሌለ ሰው ቤቱን ሲገዛ የሚይዘው ነገር የለውም። ስለዚህ «ገዢው ራሱ፣ የትዳር ጓደኛው፣ ወላጁ፣ ልጁ፣ ወንድም ወይም እህቱ፣ ወይም በውክልና የሚፈርምለት ሰው ከገዛ ክፍያው ይጸናል» ተብሎ ይጻፍ። መንገድ በሚዘጋበት ጊዜ ገዢው ቤቱን በቪዲዮ ብቻ ሊያይም ይችላል፤ ቪዲዮ የተላከበት ቀንና ሰዓት እንደ ጉብኝት ይቆጠራል የሚል መስመር መግባቱ አይከፋም።

የጊዜ ገደቡም ሚዛን ይፈልጋል። «ለዘላለም» የሚል ወረቀት ማንም አይፈርምም፤ መፈረምም የለበትም። 90 ቀን፣ ከዚያም ውሉ ካበቃ በኋላ በወረቀቱ የተዘረዘሩትን ሳይቶች ብቻ የሚመለከት ሌላ 90 ቀን በቂ ይመስለኛል። ዛሬ አይቶ ልክ ውሉ ባለቀ ማግሥት ገብቶ የሚፈርም ገዢ የሚያዘው በዚህ በሁለተኛው ነው።

ሁለተኛው ወረቀት ከሻጩ ጋር ነው፤ ብዙ ደላላ የሚዘለውም ይህን ነው። ድርጅት ከሆነ የሽያጭ ቢሮው የደንበኛ መዝገብ ይኖረዋል። ገዢው ብቻውን ሄዶ ስሙን ካስመዘገበ በድርጅቱ ዓይን የድርጅቱ ደንበኛ ሆነ ማለት ነው፤ በማግሥቱ ደላላው ይዞት ቢመጣ የተመዘገበ ሰው ነው ያመጣው። በአሜሪካም ያለው አሠራር ይኸው ነው፤ አዲስ ቤት የሚሠሩ ድርጅቶች ወኪሉ በመጀመሪያው ጉብኝት ከገዢው ጋር ካልመጣ ወይም አስቀድሞ ካላስመዘገበው ብዙ ጊዜ ኮሚሽን አይከፍሉም። ስለዚህ ከጉብኝቱ አንድ ቀን ቀድሞ እንዲህ ያለ መልእክት ለሽያጭ ኃላፊው ይላክ፦

«ጤና ይስጥልኝ። ነገ ጥር 12 ከጠዋቱ 3 ሰዓት አቶ እገሌን ከነባለቤታቸው ይዤ እመጣለሁ። ባለሁለት መኝታ ይፈልጋሉ። ከዚህ በፊት በእናንተ መዝገብ ላይ ካሉ ዛሬውኑ ያሳውቁኝ። ከሌሉ በስሜ ይመዝገቡልኝ፤ በተስማማነው 2 በመቶ መሠረት።»

«እሺ፣ ተመዝግቧል» የሚለው መልስ ከነቀኑ ስልክ ላይ ይቀመጣል። ጉብኝቱ ዕለት ደግሞ መዝገቡ ላይ የተጻፈውን ገጽ ፎቶ ማንሣት፣ ከተቻለም ማኅተም ማስደረግ። «ካሉ ያሳውቁኝ» የምትለዋ ሐረግ ትልቅ ሥራ ትሠራለች፤ ገዢው በእርግጥ ቀድሞ ሄዶ ከሆነ ደላላው ሳይደክም ያውቃል።

ገንዘቡን በተመለከተ፣ በተለምዶ ከሻጭም ከገዢም 2 በመቶ ይጠየቃል። አዲስ ቤት ላይ ግን «ሁለት በመቶ» ብቻውን ብዙ አይናገርም፤ የምን ሁለት በመቶ? አንድ 120 ካሬ አፓርታማ በካሬ 60,000 ብር ተዋውለው ይሆናል፤ ዋጋው 7,200,000፣ ኮሚሽኑ 144,000 ብር። ግንባታው አልቆ ሲለካ 126 ካሬ ከወጣ ዋጋው 7,560,000፣ ኮሚሽኑም 151,200 ብር ይሆናል። ገዢው ከፊኒሺንግ ጋር ተጨማሪ ሥራ ካዘዘም ዋጋው ይለወጣል። የ7,200 ብር ልዩነት ለሽኩቻ ይበቃል። የተሻለው ኮሚሽኑን በብር ቆርጦ መጻፍ ነው፤ 144,000፣ በአኃዝም በፊደልም፣ «በልኬት ወይም በተጨማሪ ሥራ ምክንያት አይለወጥም» ተብሎ።

በብር መቁረጥ ሌላም ጥቅም አለው። ግብር ለመቀነስ ሽያጩን አሳንሶ መጻፍ የተለመደ ጥፋት ነው። በ7,200,000 የተሸጠ ቤት ውሉ ላይ 3,000,000 ሲባል «በሽያጭ ውሉ ዋጋ 2 በመቶ» ያለው ደላላ እጁ ላይ የሚቀረው 60,000 ነው። እውነተኛውን ዋጋ ይዞ ልክሰስ ቢል ደግሞ በሸፍጡ ውስጥ የነበረ ሰው ሆኖ ይቆማል። በዚያ ውል ላይ እጁን አለማስገባቱ ለሕሊናውም ለኪሱም ይሻለዋል።

መቼ ይከፈል የሚለውም እንደ ቤቱ ነው። ያለቀ ቤት ሲሸጥ ውሉ በጸደቀ ዕለት መቀበል ይቻላል። በግንባታ ላይ ያለና በየደረጃው የሚከፈልበት ከሆነ ግን ድርጅቱ ሙሉ ኮሚሽን በመጀመሪያው ቀን አይሰጥም፤ ደላላው ደግሞ ቁልፍ እስኪረከቡ ልጠብቅ ካለ የብረትና የሲሚንቶ ዋጋ ሲንር ሥራው ቆሞ ዓመታት ሊያልፉ ይችላሉ። ግማሹ ቅድመ ክፍያው ባንክ በገባ ዕለት፣ ግማሹ ሁለተኛው ክፍያ ሲገባ ተብሎ ቢጻፍ ለሁለቱም ይበጃል። ውሉ በድርጅቱ ጥፋት ቢፈርስ ደላላው ከገዢው የተቀበለውን ይመልስ ዘንድ መጻፉን ደግሞ በግሌ አጥብቄ እደግፋለሁ። ቤት ላላገኘ ሰው ቤት አገናኘሁ ብሎ ገንዘብ መያዝ ተገቢ አይደለም።

ከዚህ ሁሉ በላይ ኮሚሽንን የሚበላው የማይጸና ሽያጭ ነው። የማይንቀሳቀስ ንብረት ሽያጭ በጽሑፍ ካልሆነ አይጸናም፤ የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 2877 ይህን ይላል፤ ቁጥር 1723 ደግሞ በፍርድ ቤት ወይም ውል ለማዋዋል ሥልጣን ባለው አካል ፊት መደረጉን ይጠይቃል። በሊዝ የተያዘ ቦታ ላይ አዋጅ ቁጥር 721/2004 ሌላ ገደብ ይጨምራል፤ ግንባታው ግማሽ ሳይደርስ የሊዝ መብቱን እንደፈለጉ መሸጥ አይቻልም። ግማሽ የሚባለው ቪላ ከሆነ መሠረቱ ተጠናቆ ለላይኛው ቢም (አግዳሚ ተሸካሚ) ኮለኖቹ (ምሰሶዎቹ) ሲቆሙ ነው፤ ፎቅ ከሆነ ከመሠረቱ በተጨማሪ ከጠቅላላው ሶሌታ (የፎቅ ወለል ኮንክሪት) ከ50 በመቶ በላይ ሲሞላ። ስለዚህ «መሠረት የወጣለት የማኅበር ቦታ» ተብሎ የሚዞረውን ይዞ የሚሮጥ ደላላ ድካሙን የሚያፈሰው በሚያፈስ ገንቦ ነው። ከከተማ ዳር ከገበሬ በእጅ ተገዝቶ የሚሠራውማ ከናካቴው የሚያሻሽጡት አይደለም፤ ሕገ መንግሥቱ መሬት አይሸጥም አይለወጥም ብሏል፣ በሕገ ወጥ ሽያጭ ላይ የተመሠረተ የኮሚሽን ጥያቄም የሚቆምበት እግር የለውም።

ገዢ ከመጥራት በፊት ማዘጋጃ ቤት ሄዶ የሚታየው ይህ ነው፦ ዋናው ካርታ ከማኅደሩ ጋር መመሳሰሉ፣ የግንባታ ፈቃዱና ፕላኑ ከቆመው ቤት ጋር መግጠሙ፣ የሊዝ ዕዳ፣ የባንክ ዕዳ፣ የፍርድ ቤት እገዳ። ሻጩ ባለትዳር ከሆነ የትዳር ጓደኛው እንደሚፈርም ማረጋገጥ። የማኅበር ቤት ከሆነ ካርታው በግል ስም ወጥቷል ወይስ ገና በማኅበሩ ስም ነው? ይህን ያጣራ ደላላ ገዢው ለምን እንደሚከፍለው ራሱ ያውቃል።

ቀብድም እዚህ ላይ ይነሣል። ተቃራኒ ስምምነት ከሌለ ቀብድ የሰጠ ወገን ቀብዱን ትቶ፣ የተቀበለው ደግሞ እጥፉን መልሶ ውሉን ሊተው ይችላል፤ የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 1885 ነው። አዲስ ቤት ሻጭ ዋጋ ሲጨምርለት እጥፉን መልሶ ለሌላ መሸጥ ያዋጣዋል። በዚህ ጊዜ ደላላው ምን ያገኛል? አስቀድሞ ካልተጻፈ ምንም። «ሻጩ ቀብድ መልሶ ከተወ ለደላላው ይህን ያህል ብር ይከፍላል» የሚል አንድ መስመር ከሻጩ ጋር ባለው ወረቀት ላይ ይግባ።

አሁን ደግሞ መቅረት ስላለበት። የባለቤቱን ስልክ መደበቅ፣ ገዢን በዙሪያ ጥምጥም መንገድ ወስዶ ሰፈሩን ማሳት፣ ሻጩ 6 ሚሊዮን ያለውን 6 ሚሊዮን ተኩል ብሎ ትርፉን ገዢው ላይ መጫን፣ ከድርጅቱ እየተቀበሉ ለገዢው «የምትከፍለኝ አንተ ብቻ ነህ» ማለት። «ደላላ አይፈለግም» የሚለውን ጽሑፍ ግድግዳ ላይ ያስወጡት እነዚህ ናቸው። ገዢው የተጫነበትን ያወቀ ዕለት ኮሚሽኑን ብቻ ሳይሆን ቀጣዩን ደንበኛም ያስቀራል፤ በደብረ ማርቆስ ስፋት ባለ ከተማ ወሬው ሳምንት አይፈጅበትም። በአሜሪካ ሻጮች የገዢውን ወኪል ኮሚሽን እኛ እንድንከፍል ተደርገናል ብለው ፍርድ ቤት ሄደው፣ ከክርክሩ በኋላ በተደረሰ ስምምነት ከነሐሴ 11 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ የሚሸጡ ቤቶች የሚሰፍሩበትን የወኪሎች የጋራ ዝርዝር የሚጠቀሙ ወኪሎች ክፍያቸው የሰፈረበትን ውል ሳያስፈርሙ ገዢን ቤት ማሳየት እንዳይችሉ ሆኗል። እኛ ዘንድ ፍርድ ቤት እስኪያስገድድ መጠበቅ አያስፈልግም።

ደላሎች እርስ በርስ ያለውን ጉዳይ ባጭሩ ልለፈው። አንድ ሽያጭ ላይ የገዢ ደላላ፣ የሻጭ ደላላና መሐል ላይ ስልክ ያቀበለ ሦስተኛ ሰው ይኖራሉ። ድርሻው ከጉብኝቱ በፊት በስልክ መልእክት ይጻፍ፤ ገንዘቡ ከወጣ በኋላ የሚከፋፈል ደላላ አይስማማም።

የሚቀረው ያለቀ ቤት ሲያይ ከርሞ «ይልቅ ቦታ ይዤ ራሴ ልሥራ» የሚለው ገዢ ነው። ወረቀቱ «ቤት ሲገዛ» ብቻ ካለ ደላላው ባዶ እጁን ይቀራል። ደላላው ቦታውን አግኝቶለት፣ ፋይሉን አጣርቶለት፣ ተቋራጭ አገናኝቶት ከሆነ ግን ያ ሥራ ነው፤ ለእያንዳንዱ በብር የተቆረጠ ዋጋ በወረቀቱ ላይ ይኑረው። ገዢው ደግሞ ቀድሞ ብቻውን ሄዶ ያየውን ሳይት በወረቀቱ ጀርባ እንዲጽፍ ይጠየቅ። በእነዚያ ላይ ደላላው ኮሚሽን አይጠይቅም፤ ከጎናቸውም ይፈርምባቸዋል።