ጥያቄውን ነባሩ ሠራተኛ ይጻፈው

በደሴም ሆነ በኮምቦልቻ መሥሪያ ቤቶች ቻትጂፒቲንና መሰሎቹን፣ ማለትም ለተጠየቁት በጽሑፍ የሚመልሱትን የሰው ሠራሽ አስተውሎት መሣሪያዎች፣ የመጠቀሙ ሥራ ብዙውን ጊዜ የሚሰጠው ለአዲስ ተቀጣሪው ወጣት ነው። «አንተ ኮምፒውተር ትችላለህ፣ እስቲ አጽፈው» ይባላል። ዕድሜያቸውን በሒሳብ መዝገብና በደብዳቤ ያሳለፉት ባለሙያ ደግሞ ከአጠገቡ ተቀምጠው ሌላ ሥራ ይሠራሉ። ይህ ተገላቢጦሽ ነው። ከእነዚህ መሣሪያዎች የረባ ውጤት የሚያገኘው ፈጥኖ የሚተይበው ሳይሆን ሥራውን ከሥር መሠረቱ የሚያውቀው ነው።

ምክንያቱ ከአሠራራቸው ይጀምራል። በኅዳር 2015 ዓ.ም. ለሕዝብ የተለቀቀው ቻትጂፒቲም ሆነ ተከታዮቹ፣ ከተማሩበት እጅግ ብዙ ጽሑፍ ተነሥተው ቀጥሎ የሚመጣውን ቃል እየገመቱ ይጽፋሉ። ያ ጽሑፍ በአብዛኛው እንግሊዝኛ ነው። የአማርኛው ድርሻ ትንሽ ነው፤ የኮምቦልቻ መጋዘን አሠራርማ ከናካቴው ላይኖርበት ይችላል። ጠያቂው ሳይናገር የተወውን ክፍተት መሣሪያው በሌላ አገር ልማድ ይሞላዋል፤ ያውም በሙሉ ልብ። «የሁለተኛው ሩብ ዓመት» ሲባል ከሚያዝያ እስከ ሰኔ ያለው ጊዜ ሊመስለው ይችላል፤ በእኛ በጀት ዓመት ግን ከጥቅምት 1 እስከ ታኅሣሥ 30 ነው። ስብሰባው «3 ሰዓት» ነው ቢሉት ደግሞ በሌላው አገር አቆጣጠር ወስዶ ሌሊት ወይም ከሰዓት በኋላ ሊያደርገው ይችላል።

የደመወዝ ግብርን እንውሰድ። ወር በገባ ቁጥር የሚሠራ፣ ሠራተኛውም ከኪሱ የሚያውቀው ሒሳብ ነው። በአዋጅ ቁጥር 979/2008 ከግብር ነፃ የሆነው ወርኃዊ ገቢ 600 ብር ነበር፤ በ2017 ዓ.ም. በወጣው ማሻሻያ 2,000 ብር ሆኗል፣ መደቦቹም (የተለያየ መቶኛ የሚከፈልባቸው የገቢ እርከኖች) ተለውጠዋል። ስለ አሮጌው ሠንጠረዥ ለዓመታት ብዙ ተጽፏል፤ ስለዚህ «የ9,000 ብር ደመወዝ ግብር ስንት ነው?» ብቻ ብሎ የጠየቀ ሰው በአሮጌው ስሌት 1,745 ብር ሊባል ይችላል። በአዲሱ 1,400 ብር ነው። ልዩነቱ 345 ብር ነው፤ በአንድ ሠራተኛ፣ በአንድ ወር። ነባሯ የሒሳብ ሠራተኛ አዲሱን ሠንጠረዥ ከነመደቡ ከጥያቄው ጋር ትጽፍለታለች፣ «በዚህ ብቻ አስላ፣ እያንዳንዱን መደብ ለየብቻ አሳየኝ» ትላለች፣ የመጣላትንም በካልኩሌተር ታመሳክራለች። አሮጌው መሻሩን የማያውቅ ሰው ግን ይህን ለመጠየቅ አያስብም።

ደብዳቤም እንደዚሁ ነው። በኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክ ያለ ፋብሪካ በደረቅ ወደቡ ስለዘገየ ኮንቴይነር መጻፍ ፈለገ እንበል። «ስለዘገየ ኮንቴይነር ደብዳቤ ጻፍልኝ» ቢባል የሚመጣው «ይህ መልእክት በደህና እንደሚደርስዎ ተስፋ አደርጋለሁ» የሚል ነው፤ በእኛ ቢሮ እንዲህ ተብሎ የሚጻፍ ደብዳቤ የለም። ደብዳቤ ሲያረቅቅ የኖረ ሰው ግን ከላይ ቀንና ቁጥር፣ ቀጥሎ «ለ»፣ ከዚያም «ጉዳዩ»፣ ቀደም ሲል የተጻፈው ደብዳቤ ቁጥርና ቀን፣ የጥያቄው ፍሬ ነገር በአንድ አንቀጽ፣ አባሪው ስንት ገጽ እንደሆነ፣ ግልባጩ ለማን እንደሚሄድ ዘርዝሮ ይነግረዋል። ፋይል ካቢኔቱ ውስጥ ካሉት ጥሩ ደብዳቤዎች አንዱን ስሞችና ቁጥሮችን አውጥቶ እንደ ናሙና ቢሰጠው ደግሞ ውጤቱ ይበልጥ ያምራል። ከማንኛውም የአጠቃቀም ምክር ይልቅ እኔ የምመርጠው ይህንን ነው፤ አንድ ጥሩ ናሙና ብዙ ማብራሪያ ያስቀራል።

ስሞችና ቁጥሮች ይውጡ ያልኩት ያለ ምክንያት አይደለም። የደንበኛን የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር ወይም የሠራተኛን ደመወዝ ከነስሙ እዚያ ላይ መለጠፍ የሰውን ገመና አሳልፎ መስጠት ነው። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ በኋላ ደግሞ የጨዋነት ጉዳይ ብቻ መሆኑ ቀርቷል።

ወጣቶቹን መግፋቴ አይደለም። ነባሮቹ ብዙዎቹ መሣሪያውን ይፈሩታል፤ አንዳንዶቹም እንጀራችንን ሊወስድ የመጣ ነው ብለው ያምናሉ። ፍርሃታቸውን የሚያቀልላቸው አጠገባቸው ተቀምጦ የሚያሳያቸው ልጅ ነው። ልጁ ይተይብ፣ ምን እንደሚጠየቅ እርሳቸው ይናገሩ፣ መልሱንም አብረው ያርሙ። የወሎ ዩኒቨርሲቲ የኮምቦልቻ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ተማሪዎች ለሥራ ልምምድ ወደ መሥሪያ ቤቶች ሲወጡ፣ እያንዳንዳቸው ከአንድ ነባር ባለሙያ ጋር ተጣምረው በየሳምንቱ አንድ እውነተኛ ሥራ፣ ሪፖርት ይሁን የደመወዝ ሰነድ፣ በዚህ መንገድ ቢሠሩ ብዙ በጀት አይጠይቅም። የየክፍሉ ኃላፊዎች በቀጣዩ የልምምድ ወቅት ሊጀምሩት ይችላሉ።