ቸርችል ያላለውን አታስብሉት

የአገሬ ሰዎች፣ እባካችሁ የብሪታንያውን የጦርነት ዘመን ጠቅላይ ሚኒስትር ዊንስተን ቸርችልን አሳርፉት። ሲጋር የጎረሰበትን ፎቶ ለጥፋችሁ፣ ከሥሩ አንድ መስመር ስድብ ጽፋችሁ ባላንጣችሁን ስትወጉ ትውላላችሁ። ስድቡ ብዙ ጊዜ የሱ አይደለም። (ዓመቶቹን በፈረንጆቹ እጽፋለሁ።)

«ባዶ ታክሲ መጥቶ ቆመ፣ አትሊ ወረደ» የሚለውን ውሰዱ። ቸርችል ቀልዱ በስሙ እንደሚነገር ሲሰማ አልሳቀም፤ አትሊ አገሩን በጭንቅ ቀን ያገለገለ የተከበረ ሰው ነው፣ እኔ እንዲህ ያለ ነገር አልናገርም አለ። አትሊ እኮ የሌበር ፓርቲ መሪ፣ የምርጫ ተቀናቃኙ ነው! በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ግን በአንድ ካቢኔ ሠርተዋል፤ ከ1942 ጀምሮ ምክትሉ ነበር። የፓርላማ አባል የነበረችው ሌዲ አስተር «ባሌ ብትሆን ቡናህን እመርዘው ነበር» ስትለው «ሚስቴ ብትሆኚ እጠጣው ነበር» ብሎ መለሰላት የምትሉትም፣ ሁለቱም ፓርላማ ሳይገቡ በ1899 በአሜሪካ ጋዜጣ የወጣ ቀልድ ነው።

የባሰው ግን የተናገረውን ቆርጣችሁ ስታወጡት ነው። ኦክቶበር 29 ቀን 1941 በቀድሞ ትምህርት ቤቱ በሃሮ «በፍጹም እጅ አትስጡ» ብሎ ተቀመጠ ትላላችሁ። ያደረገው ሙሉ ንግግር ነው፤ ዓረፍተ ነገሩም የሚያልቀው «ለክብርና ለማስተዋል ካልሆነ በቀር» በሚለው ነው። ይህችን ጅራት ቆርጣችሁ ጥላችሁ፣ ጥቅሱን ደጃችሁ የመጣን ሽማግሌ መመለሻ አደረጋችሁት።

ዴሞክራሲ እስካሁን ከተሞከሩት ከሌሎቹ ሁሉ በስተቀር የመጨረሻው መጥፎ ሥርዓት ነው ያለው ኖቬምበር 11 ቀን 1947 ፓርላማ ውስጥ ነው። ያኔም «ተብሏል» ብሎ የሌላ ሰው አባባል መሆኑን ተናግሯል። ደግሞ ማን ሆኖ እንደተናገረው አስቡ፦ በጁላይ 1945 ሕዝቡ በምርጫ የጣለው፣ ውጤቱ በታወቀ ዕለት ሥልጣኑን ያስረከበ የተቃዋሚ መሪ ሆኖ ነው። ባለቤቱ ክሌመንታይን ሽንፈቱን «የተሸፈነ በረከት ሊሆን ይችላል» ብላ ስታጽናናው፣ «ለጊዜው በደንብ ነው የተሸፈነው» አላት። እንዲህ በራስ መቀለዱን ለምን አትቀዱም?

ነገሩ ሁሉ ከአፉ ድንገት የሚፈልቅም አይምሰላችሁ። በኤፕሪል 1904 በቃሉ ያጠናው ንግግር ፓርላማ መሃል ጠፍቶበት ተቀምጧል። ከዚያ ወዲህ ማስታወሻ ሳይዝ አይቆምም፤ ጸሐፊዎቹ መስመሩን እየሰበሩ እንደ መዝሙረ ዳዊት ስንኝ በታይፕ ይመቱለት ነበር።

አድናቆታችሁም ዓይኑን ይክፈት። አዲስ አበባ ነፃ ስትወጣና ንጉሠ ነገሥቱ ሲመለሱ ጠቅላይ ሚኒስትሩ እሱ ነበር፤ እውነት ነው። በጃንዋሪ 1927 ግን የገንዘብ ሚኒስትር ሳለ ሮም ሄዶ፣ ጣሊያናዊ ብሆን ከሌኒኒዝም ጋር በምታደርጉት ትግል በሙሉ ልቤ ከናንተ ጋር እሆን ነበር ብሎ ሙሶሎኒንና ፋሺስቶቹን አመስግኗል። በኖቬምበር 1942ም የንጉሡ ሚኒስትር የሆንኩት የብሪታንያን ግዛት ለማፍረስ አይደለም ሲል በይፋ ተናግሯል።

ስለዚህ ሼር ከማድረጋችሁ በፊት ቀኑን፣ ቦታውን፣ ከጥቅሱ በፊትና በኋላ ያለውን ዓረፍተ ነገር ፈልጉ። ፓርላማ ውስጥ የተባለ ከሆነ፣ ሃንሳርድ የተባለው የምክር ቤቱ መዝገብ በነፃ ኢንተርኔት ላይ አለ። በእንግሊዝኛ ሁለት ሦስት ያልተለመዱ ቃላት ብቻ አስገቡ፤ ሙሉውን መስመር ካስገባችሁ አንዲት ቃል ስትለይ ያመልጣችኋል። የምታገኙት ምንጭ ሳይጠቅሱ ጥቅስ የሚደረድሩ ድረ ገጾችን ብቻ ከሆነ፣ ነገሩን በራሳችሁ ስም ጻፉት።